የዮናስ ሞተር ለምን ጠዋት ጠዋት አይነሳም?

ቅዳሜ ጠዋት፣ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት

ከቤቴ የወጣሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሃያ ዓመት ሆላንድ ኖሬም ሌላውን አልለመድኩትም። የጉዞዬ ዓላማ ስኬቨኒንገን ያለውን አንድ እምቢተኛ ሞተር ሳይክል ማስነሳት ነበር። ትራም ውስጥ ሆኜ ነገሩን ሳስበው ግን ዋናው ዓላማዬ ሌላ መሆኑ ገባኝ። የምሄደው የራሴን ጥፋት ለማረም ነው።

የሞተሩ ባለቤት ዮናስ የቀድሞ ጎረቤቴ ልጅ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ከአዲስ አበባ መጥቶ ስሎተርቫርት ከኔ በላይ ባለው ፎቅ አደገ። አሁን ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ ከእማማ ጥሩነሽ ጋር ዴን ሃግ ባሕሩ ዳር፣ ስኬቨኒንገን ይኖራል። የሚሠራው ሮተርዳም ሲሆን፣ በየቤቱ እየዞረ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከአልጋ ያነሳል፣ ያጥባል፣ መድኃኒታቸውን ይሰጣል። የእሁድ ፈረቃው አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። እሁድ ጠዋት ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚያደርሰው ትራምና ባቡር ስለሌለ አሮጌ ሞተር ገዛ።

ሞተሩ ግን ጠዋት ሲፈለግ ያምፃል። በዚህ የተነሳ ዮናስ ሁለት ጊዜ አረፈደ። በሁለተኛው ቀን አንዲት አሮጊት የሚያነሳቸው አጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ አልጋቸው ላይ ቀሩ። አለቃው ቁጣ አላበዛችም፤ አንድ ቀን ብቻ ድጋሚ ካረፈደ በሚቀጥለው ወር የሚጠብቀው ቋሚ ኮንትራት፣ እኛ እዚህ «ቫስት» የምንለው፣ እንደማይሰጠው ቁርጡን ነገረችው። ቀጣዩ ፈረቃው ነገ፣ እሁድ ነው።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ያረፈደ ቀን ስልክ ደውሎልኝ ነበር። እኔ ሽንኩርት እያቁላላሁ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ «ባትሪው ነው፣ ቀይረው» አልኩት። ሰባ ዩሮ አውጥቶ ቀየረ። ሞተሩ ጥቂት ቀን ሠራና መልሶ ተኛ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የኔ ግን ይብሳል፣ ያፈሰስኩት እኔ፣ የለቀመው ዮናስ ሆነ።

በኤሌክትሪክ ነገር እኮ ራሴን ዝቅ አድርጌ የማወራ ሰው አይደለሁም። ናዝሬት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ የባጃጅ ሽቦ ስፈታና ስቀጥል ነው ያደግሁት። እዚህም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አምስተርዳም ኖርድ አንድ ስኩተር ጥገና ቤት እሠራለሁ። የዛሬውን ቅዳሜ ፈቃድ ጠየቅሁና የቮልት መለኪያ ቴስተሬን፣ መፍቻዎቼን፣ የሽቦ ብሩሽና ካቦ የምንለውን አንድ ጥንድ ወፍራም የባትሪ ሽቦ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ። ቦርሳው ከነልብሴ ከስድስት ኪሎ አያንስም፤ ባቡር ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳው ሲንኳኳ በሰማች ቁጥር ትገላምጠኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ስኬቨኒንገን

የባቡሩ መንገድ ሜዳ ነው፤ ላም፣ ቦይ፣ ላም፣ ቦይ። ሣሩ እዚህም እዚያም ቢጫ ሆኗል። ሳምንቱን ሙሉ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም፤ ለዚህ አገር ይህ ወሬ ነው፣ ቲኬት ተቆጣጣሪው ሳይቀር ስለ ድርቁ ሲያወራ ነበር። ዴን ሃግ ወርጄ ትራም ያዝኩ። መጨረሻው ፌርማታ ሳይደርስ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ በመስኮቱ ገባ።

ዮናስ ፌርማታው ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ተሳሳምንና ቦርሳዬን ሲቀበለኝ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። ስለ ባትሪው አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ጥሩነሽ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው። በቀጥታ ወደ ሞተሩ ልሂድ ብል፣ «ብረት አይሸሽም፣ መጀመሪያ ብዪ» ብለው ፍርፍርና ሻይ አቀረቡ። ስለ አምስተርዳም ጎረቤቶች አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ስለ ሞተሩ ግን ምንም አልጠየቁኝም። እኛ ልንወጣ ስንነሳ መስኮቱን ዘጉት።

ሞተሩ ከሕንፃው በረንዳ ሥር ቆሟል። ቀይ የጃፓን ሥሪት ነው፤ ዕድሜው ቢገፋም ቁመናው ደህና ነው። መቀመጫው ላይ ያለው ስፌት ተተርትሮ በጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። ቁልፉን አዙሬ ማስነሻውን ተጫንኩ። የፊት መብራቱ ደበዘዘ፤ ሞተሪኖው፣ ትልቁን ሞተር አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር፣ ሁለቴ አቃስቶ ዝም አለ።

በዚህ ጊዜ ሽንኩርት እያቁላላሁ ስላልነበር ሁሉንም ተራ በተራ መረመርኩ። ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሳደርገው አሥራ ሁለት ከምናምን ቮልት አሳየኝ። ማስነሻውን እየተጫንኩም ሳየው ብዙ አልወረደም። ባትሪው ጤነኛ ነው። ያ ማለት ኃይሉ አለ፣ የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው። ቀጥዬ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የሞተሩ አካል ላይ አድርጌ ዮናስን ማስነሻውን ተጫን አልኩት። ሁለቱ በአንድ ካቦ የተያያዙ ስለሆኑ ቁጥሩ ዜሮ ሊጠጋ ይገባ ነበር። ከሁለት ቮልት በላይ አነበበ።

«ማሳው ነው» አልኩ። ናዝሬት ማሳ የምንለው ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር ነው። ሰዉ ሁሉ የሚያስበው ስለ መሄጃው ነው፤ መመለሻው ከተዘጋ ግን መሄድም የለም። ለማረጋገጥ ከባትሪው ነጌቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ አካል የራሴን ካቦ ዘረጋሁና ማስነሻውን ተጫንኩ። በአንድ ጊዜ ተነሳ። ዮናስ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

መቀመጫውን ስናነሳ በሽተኛው ቡሎን ተገኘ። የማሳው ካቦ ከሻንሲው፣ ከሞተሩ አጥንት ጋር የሚታሰርበት ቡሎን ግራጫ ቅርፊት ለብሷል። «የባሕር ጨው ነው» አልኩ እርግጠኛ ሆኜ፤ ባሕሩ እኮ ሦስት መቶ እርምጃ አይርቅም። ፈታሁት፣ ብረቱ እስኪያበራ በብሩሽ ፈገፈግሁት፣ አሰርኩት፣ ቫዝሊን ቀባሁት። አምስት ጊዜ አጠፋን፣ አምስት ጊዜ ተነሳ።

ዮናስ ጨርሰናል አለ። እኔ አልጨረስንም አልኩ። የካቦው ጫፍ ውስጡ ጠቁሯል፣ በአዲስ መቀየር አለበት፤ አዲሱ ደግሞ ሮተርዳም አንድ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ እንዳለ ስልኬ ላይ አይቻለሁ። ሞተሩም ግሎ ሲቆምና እንደገና ሲነሳ መታየት አለበት። እውነቱን ልናገርና መንዳትም አምሮኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት፣ የሮተርዳም መንገድ

እኔ ነዳሁ፣ ዮናስ ከኋላዬ ተቀመጠ። ሴት ስትነዳ ወንድ ከኋላ መቀመጡ ደልፍት ከተማ ውስጥ ማንንም አልደነቀም፤ ያሳፈረው ዮናስን ብቻ ነው። ትልቁን አውራ ጎዳና ትተን በቦዩ ዳር በሚሄደው ጠባብ መንገድ ሄድን። ነፋሱ ከጎን ይገፋል። በስተግራ የሸክላ ቤቶች፣ በስተቀኝ ውሃና ጀልባ፣ ከዚያ ባሻገር ቲማቲም የሚበቅልባቸው የመስታወት ቤቶች ናቸው። ደልፍት አደባባይ ላይ ቆመን አጠፋሁት፣ ተነሳ። ጀልባ ለማሳለፍ ድልድይ ሲከፈት ከብስክሌተኞች መካከል ቆመን አጠፋሁት፣ ተነሳ። ማስ የሚባለውን ወንዝ ተሻግረን ሮተርዳም ደቡብ ስንደርስ ለሦስተኛ ጊዜ አጠፋሁትና ከገበያው ጠርዝ ዓሣ ገዛን። ሰባት ዩሮ የሚሸጠው አንድ ሣህን ለሁለት ይበቃል፤ በላተኛው የኛ ቤት ልጅ ካልሆነ።

ቆሜ እየበላሁ ሳለሁ ሱሪዬ ከኋላ እርጥብ መሆኑ ተሰማኝ።

ስነግረው ዮናስ አልገረመውም። የእሱም ሁልጊዜ እንደሚርስ፣ የጠዋት ጤዛ እንደሚሆን፣ ሥራ ቦታ መቀየሪያ ሱሪ እንዳስቀመጠ ነገረኝ። ጤዛ በረንዳ ሥር አይወርድም ልለው ስል አፌ ዓሣ ይዞ ስለነበር ተውኩት።

ሱቁ የገበያው ጀርባ ነው። ባለቤቱ ፀጉራቸው የነጣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። የማሳ ካቦ በአሥራ ሁለት ዩሮ ሰጡኝና የድሮውን ከሞተሩ ላይ ስፈታ ሊያዩ ወጡ። ስለ ባሕሩ ጨው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የባሕር ጨው ሁሉንም ነው የሚበላው አሉ፤ የመብራቱን ሶኬት፣ የፍሬቻውን ሽቦ፣ የጭስ ማውጫውን ቡሎን። ይህ ሞተር ግን ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ የተበላው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከላይ የሚንጠባጠብ ነገር ፈልጊ ብለውኝ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

በአንድ ሞተር ሁለት ጊዜ መሳሳት ለኔ ዓይነት ሰው ከባድ ነው። መቀመጫውን ገልብጬ የፕላስተሩን ጫፍ ላጥኩና ስፖንጁን ጨመቅሁት። ዝናብ ባልጣለበት ሳምንት፣ በረንዳ ሥር ከሚያድር ሞተር፣ ግራጫ ውሃ በጣቶቼ መሐል ወረደ። ውሃው የሚያርፈው ልክ ቡሎኑ ላይ ነው። ጣቴን በጣቴ አሸሁት፤ ልሙጥ ዱቄት አለበት። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

ይህን ሽታ ለማወቅ ጋራዥ መማር አያስፈልግም። ሕፃን ሆኜ ባመመኝ ቁጥር እናቴ ግንባሬ ላይ ትቀባኝ የነበረው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው የጽና አመድ፣ እመት የምንለው ነው። በጠበል ተበጥብጧል። አመድ በውሃ ሲበጠበጥ ብረት እንደሚበላ ማንም ዕቃ አጣቢ ያውቃል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀና ስል ግን ዮናስ አልሳቀም። «እማዬ ናት» አለ ቀስ ብሎ።

ሱቁ በር ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የነገረኝን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ተዋውቀን፣ እማማ ጥሩነሽ ሌላ ልጅ እንደነበራቸው አላውቅም ነበር። ታላቅየው ብሩክ ይባላል። ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው ሁለት ዓመት በፊት ቃሊቲ መንገድ ላይ በሞተር ሳይክል ሞተ። ዮናስ ሞተር የገዛ ቀን እናቱ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም፤ እስከዛሬም ስለ ሞተሩ አንስተው አያውቁም። እሱም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሮት ነበር።

አሁን ነገሩ ለሁለታችንም ገባን። እሱ ከመንቃቱ በፊት ጠዋት ይወርዳሉ፤ ልጃቸው የሚቀመጥበትን ቦታ በጠበልና በእመት ይረጫሉ። ውሃው በተተረተረው ስፌት ይገባል።

አዲሱን ካቦ እያሰርኩ ተከራከርን። ዮናስ እንዳይነገራቸው ፈለገ። መቀመጫውን በፕላስቲክ እንሸፍነውና እሷ ትቀጥል፣ ሞተሩም ይሥራ አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን መቀመጫው ከተሸፈነ ነገ ቁልፉ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ማስነሻው ላይ እንደሚያደርጉት፣ እኔም በየወሩ ከአምስተርዳም ልመላለስ እንደማልችል ነገርኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ደግሞስ እናቱ ብቻቸውን የተሸከሙትን ፍርሃት በፕላስቲክ መሸፈን ምን ይባላል?

የድሮውን ካቦ ከመሬት አንስቶ እየጠቀለለ፣ «እሺ፣ ግን አንቺ ንገሪያት» አለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ እንደገና ስኬቨኒንገን

በመልሱ መንገድ መልክዓ ምድሩን አላየሁም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉና ከሮተርዳም እስከ ደልፍት ቃል ስመርጥ፣ ከደልፍት እስከ ባሕሩ የመረጥኩትን ስጥል መጣሁ።

እማማ ጥሩነሽ ሳሎን ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬያቸው መልቀም ጀመርኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ምነው፣ ወደቃችሁ?»

አልወደቅንም አልኩ። ከዚያም ያየሁትን ባየሁበት ቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ የተተረተረውን ስፌት፣ የረጠበውን ስፖንጅ፣ ጠበልና አመዱ ሲንጠባጠብ የበላውን ቡሎን። እርስዎ አበላሹት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። መውጣትም አላስፈለገውም። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«ሁለቱን ቀን ያረፈደው በኔ ነዋ።»

ዮናስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ኼፍት ኒት እማዬ፣ ምንም አይደል፤ አላወቅሽም» አለ።

እሳቸው ግን እሱን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ተናገሩ። «ብረቱን እንዳበላሸው አላውቅም፤ ይህ እውነት ነው። ግን አልነሳ ብሎት ውጭ ሲበሳጭ፣ እኔ መስኮቱን ዘግቼ ተመስገን እል ነበር። ዛሬስ ተረፈልኝ እል ነበር። አሮጊቷ አልጋ ላይ መቅረቷን ሲነግረኝ እንኳ ተመስገን ማለቴን አልተውኩም። እስቲ ይህን ለማን እናገራለሁ?»

ለኤሌክትሪክ ነው እንጂ ለእንዲህ ያለው ቴስተር የለኝም። ዐይኔ እንባ ሞላ፣ ምስሩንም ማየት አቃተኝ።

ዮናስ መጥቶ እናቱ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ስለ አሮጊቷ ነገራቸው። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ልጅ የላቸውም፣ ብቻቸውን መነሳት አይችሉም። ነቅተው ጣሪያውን እያዩ ይጠብቁታል። «ስገባ ሁሌ የምትለኝ አንድ ነው» አለ። «ሞተርህን ሰማሁት፣ አሁን ነጋልኝ ትለኛለች።»

እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አሳረፉ። በመጨረሻ ወደኔ ዞረው ሐኪም እንደሚጠይቅ ሰው በትሕትና ጠየቁኝ። «ታዲያ ጠበሉን የት ላድርገው?»

«ልጁ ላይ ያድርጉታ» አልኳቸው። «ብረቱ ምን ያደርግለታል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሳቁ። ስፖንጁን አውጥቼ መስኮት ላይ አሰጣሁት፤ የስፌቱን ነገር ግን እሳቸው አላስነኩኝም። ትልቅ መርፌና የጫማ ክር አምጥተው መቀመጫውን ራሳቸው ሰፉት። ስፌታቸው ከፋብሪካው ይጠብቃል።

እሁድ

እዚያው አደርኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሦስታችንም በረንዳው ሥር ነበርን። ሰማዩ ነጥቷል፤ የባሕር ወፎች የማዘጋጃ ቤቱን ቆሻሻ ከረጢት እየቀደዱ ይጣላሉ። ዮናስ ሄልሜቱን ከማጥለቁ በፊት ጎንበስ አለ። እናቱ ግንባሩን ቀቡት፣ ጠበሉን ፊቱ ላይ እፍ አሉበት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

እኔ እንዲያ ደረቴን ስነፋ የዋልኩት ሰው፣ እጁ ማስነሻው ላይ ሲያርፍ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ካቦው አዲስ ነው፣ ቡሎኑ ንጹሕ ነው፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ተጫነ። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ተነሳ። እማማ ጥሩነሽ ወደ ቤት አልገቡም። ማዕዘኑን ዞሮ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ነጠላቸውን በአንድ እጅ ይዘው ቆሙ።

አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዮናስ «በሩ ላይ ነኝ» ብሎ ላከልኝ።

እኔ የመጀመሪያውን ትራም ይዤ፣ ከዚያ በባቡር ወደ አምስተርዳም ተመለስኩ። ከጉዞዬ የተማርኩትን ስሎተርቫርት ሳልደርስ ጻፍኩት። አንደኛ፣ ብልሽት በስልክ አይመረመርም። ሁለተኛ፣ ቡሎኑን ማጽዳት መጠገን አይደለም፤ የሚንጠባጠበው ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ የታሰረ ቡሎን ተመልሶ ይበላሻል። ሦስተኛውን ልጽፍ ብዬ ቃሉን አላገኘሁትም፤ ስለ እማማ ጥሩነሽ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ ስልኬ ጠራ። እሳቸው ነበሩ።

«አስካለ፣ በሰዓቱ ደርሷል አይደል?»

«ደርሷል እማማ። አሥር ደቂቃ ቀድሞ ነው የደረሰው።»



«ጠዋት ያን ማስነሻ ሊጫን እጁን ሲዘረጋ አየሁትና ጨነቀኝ» አሉ። «ሁልጊዜ እንዲተርፍልኝ ነበር የምጸልየው። ሞተሩ እንዲነሳለት የጸለይኩት ዛሬ ገና ነው።»